ድንጋይ ያልተመታባቸው ቀኖች

ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግሥት ዓመት ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጠዋት ቢሮዎቹን እጠርጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤና ማኅደር ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከግቢው ወደ ዞን መሥሪያ ቤቶች አደርሳለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ይጨንቀኝ ስለነበር ደብዳቤ ሳደርስ የመረከቢያ መዝገቡን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ከፍቼ አስቀምጥና እስኪፈርሙልኝ ድረስ ወለሉን አያለሁ። ማንበብ ግን እወድ ነበር። የምሸከመውን ማኅደር መንገድ ላይ ከአጥር ጥላ ሥር ቆሜ ከፍቼ አነብ እንደነበር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከሁሉ የሚጥመኝ የልምምድ ደብተር ነበር። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት ለሁለት ወር ይወጡና ሙያ ካለው ሰው ሥር ሆነው ይሠራሉ። እነሱ «አፓረንት ወጣን» ይላሉ። የሚያሠራቸው ሰው በየቀኑ ምን እንደ ሠሩ ይጽፋል፣ ይፈርማል፤ ሲመለሱ ደብተሩ በእኔ እጅ ዞን ደርሶ ይመለስና መዝገብ ክፍል ይገባል። ፃግብጂ የተላከ አንድ የኤሌክትሪክ ተማሪ ደብተር ላይ «ዛሬም የጄኔሬተሩን መለዋወጫ ጠበቅን» የሚል መሥመር ለአሥራ አንድ ቀን ተደጋግሞ አይቻለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «መጣ፤ የሌላ ጄኔሬተር ነው» ይላል። ብቻዬን መንገድ ላይ ሳቅሁ። እኔ ከሰቆጣ ርቄ አላውቅም ነበርና ወረዳዎቹን ያየሁት በእነዚያ ደብተሮች ነው ማለት እችላለሁ።

በፊት ደብተሩን የሚቆጥር ሰው አልነበረም። የመዝገብ ሠራተኛው የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ያይና መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በቃ። በዚያ ዓመት ግን ከክልል ደብዳቤ መጣ፤ ያደረስኩት እኔ ስለሆንኩ ቀድሜ አንብቤዋለሁ። ከእንግዲህ የልምምድ መረጃ የሚላከው በኢንተርኔት ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ የሠራው ሰዓት በተዘጋጀው ሰንጠረዥ ይሞላል፤ ሦስት መቶ ሃያ ሰዓት ያልሞላ ተማሪ ለምረቃ አይቀርብም፤ መቀበያው ዓርብ ከሥራ መውጫ በኋላ ይዘጋል ይላል። «በኢንተርኔት» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ደብዳቤ ያለ አድራሽ የሚሄድበት ነገር ምን እንደሚመስል ማየት ፈለግሁ።

ኮምፒውተሩ መዝገብ ክፍል ገባ። የሚሠራበት ከወልዲያ የመጣ ቀልደኛ ወጣት ነበር። እየጠረግሁ በትከሻው በኩል ሳይ ያዘኝ።

«ምንድን ነው የምታዪው?»

ወለሉን መጥረግ ቀጠልኩ።

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«አዎ» በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

«እንግዲያ መጥረጊያውን አስቀምጪው። እኔ ደብተር ሳይ ጣቴ ይሳሳታል፤ ጣቴን ሳይ ደብተሩ ይጠፋኛል። አንቺ ቀንና ሰዓቱን ጥሪልኝ፣ እኔ እመታለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ሥራ ጀመርን። መጀመሪያ ድምፄ አይሰማም ነበር። «ለራስሽ ነው ወይስ ለእኔ የምታነቢው?» እያለ ያሾፍብኛል። በሁለተኛው ቀን ለመድኩ። «ጥቅምት ሁለት፣ ስምንት ሰዓት። ጥቅምት ሦስት፣ ስምንት ሰዓት» እላለሁ፤ ይመታል፤ በሰንጠረዡ ዳር ያለው ቁጥር ማንም ሳይደምረው ራሱ ያድጋል። ሦስት መቶ ሃያ ሲደርስ ከቀይ ወደ ጥቁር ይለወጣል። ያን ቅጽበት እጠብቀው ነበር።

ስንጨርስ ሁሉንም ከትንሽ ጣት በማትበልጥ ነገር ውስጥ ከተተው። ፍላሽ ትባላለች። ኢንተርኔት ያለው ዞን መሥሪያ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ስለነበር አንገቴ ላይ አንጠልጥሎልኝ ላከኝ። በየዓመቱ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ የማደርሰው የደብተር ሸክም አንገቴ ላይ አልከበደኝም። መንገድ ላይ ቆሜ ላነባት ብፈልግ የሚከፈት ነገር የላትም። ዞኑ ያለው ሠራተኛ ፍላሿን ሰካ፣ ጥቂት ጠበቀ፣ «ሄደ» አለኝ። በየት በኩል ብዬ ለመጠየቅ አፌ አልደፈረም። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ግድግዳው ውስጥ ገባ።

ይህ የሆነው ሰኞ ጠዋት ነው። ከሰዓት በፊት ያሟሉና ያላሟሉ ተማሪዎች ዝርዝር ታትሞ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ባጠናቀቁት ዝርዝር ላይ ብዙ ስም አለ። «ያላሟላ» በሚለው ወረቀት ላይ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ከሰሃላ የመጣች የግንበኝነት ተማሪ። ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ሰዓት ይላል፤ አርባ ስምንት ይጎድላታል።

ልጅቷን መዝገብ ክፍሉ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እንደ እኔ በአገውኛ ያደገች ናት፤ እኔን ስታይ በአገውኛ አወራችኝ። አታለቅስም ነበር።

«ሁለት ወር ሙሉ ከፎርማኑ አልተለየሁም» አለችኝ። «አንድ ቀን አልቀረሁም። ማሽኑ የት ጣለው?»

«አላውቅም።»

«ወንድሜ ሳዑዲ ነው። አባቴ ‹ዘንድሮ ወረቀትሽን ካልያዝሽ እሱ ጋ ትሄጃለሽ› ብሎኛል። ደላላው ከፋሲካ በፊት ይነሣል። ለሚቀጥለው ዓመት ጠብቁኝ ብል ማን ይጠብቀኛል?»

መዳፏን ገልብጣ የተሰነጠቀውን ቆዳ ታይ ነበር። የወንድ ግንበኛ እጅ ነበራት።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ደብተሯን ከካርቶኑ ፈልጌ አወጣሁት። ማሽኑ የት ጣለው ያለችው ነገር ከነከነኝ። ለኮምፒውተሩ ሳነብ ደብተሩን ያነበብኩት መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ነው የለቀምኩት። አሁን ተቀምጬ እንደ ድሮው ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

ያሠራት ሰው ጽጽቃ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚያስገነባ አዛውንት ፎርማን ነው። በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን የተማረ መሆኑ ከእጅ ጽሑፉ ይታወቃል፤ በዓል የዋለበትን ቀን በቁጥር አይጽፍም። «ጥቅምት አራት። የማዕዘን ድንጋይ ጠረበች። ሙሉ ቀን» ይልና ቀጥሎ «ጥቅምት አቦ። ድንጋይ አልመታንም» ይላል። በእኛ አገር እህል ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ በበዓል ቀን ድንጋይ አይመታም። የተመታ እንደሆነ በረዶ ይወርዳል፤ የአንዱ መዶሻ የመንደሩን ሁሉ እህል ያስመታል ይባላል። እናቴ በበዓል የወፍጮ ድንጋይ በመዶሻ ስታስወቅር አይቻት አላውቅም። ስለዚህ «ድንጋይ አልመታንም» የሚለውን ሳይ «በዓል ነው፣ ዝለለው» እያልኩ ነበር ያለፍኩት። ወጣቱም «እሺ» እያለ ዘሏል። አሥራ ሰባት ቀን ዘለናል።

መሥመሩ ግን እዚያ አያልቅም ነበር። ከሥሩ፣ ከጠባቡ ቦታ፣ በደቃቅ ፊደል ይቀጥላል።

«ጥቅምት መድኃኔዓለም። ድንጋይ አልመታንም። ከቅዳሴ በኋላ የቆየውን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይዣት ዞርኩ። ሁለቱን ረድፍ የሚያስሩት ድንጋዮች የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቅኋት። ሦስቱን አገኘች፤ አንዱን ሳተች። ግማሽ ቀን።»

«ኅዳር ሚካኤል። ድንጋይ አልመታንም። የፈረሰ ቤት አሳየኋት። ለምን እንደ ፈረሰ ንገሪኝ አልኳት። ውኃ ነው አለች። ውኃው በየት ገባ አልኳት፤ እስኪመሽ ፈለገች። ግማሽ ቀን።»

ከአሥራ ሰባቱ ዘጠኙ እንደዚህ ናቸው። ስምንቱ እውነትም ዕረፍት ነበሩ፤ እነሱን «አረፍን» ብሎ በአንድ ቃል አልፏቸዋል። ማሽኑ የጣለው ነገር አልነበረም። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

በር ላይ ቆሜ ወጣቱን ስጠብቅ ከአፌ የሚወጣውን ቃል ብዙ ጊዜ ሞከርኩት። ከምሳ ሲመለስ አየኝ።

«ምን ሆንሽ? ፍላሿን ጣልሻት እንዴ?»

«ያላነበብኩት አለ» አልኩ፤ ደብተሩን ሰጠሁት።

ቆሞ አነበበ። ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። «እኔ ነኝ ቀንና ሰዓት ብቻ ያልኩሽ» አለ በመጨረሻ። «ግማሽ ቀን ማለት አራት ሰዓት ነው። ጽፎት ነበርኮ።»

«የሄደውን መመለስ ይቻላል?»

«አይቻልም። ጠጠር ወርውረሽ ‹ተመለስ› ማለት ነው። ሌላ መላክ ግን ይቻላል። የኋለኛው የፊተኛውን ይሽረዋል።»

«የፊተኛውስ የት ይሄዳል?»

«እኔን ሊያባርሩኝ ነው፣ አንቺ ይሄን ትጠይቂኛለሽ?» አለና ሳቅ አመለጠው። ሁለታችንም የማሠልጠኛው ምክትል ኃላፊ ዘንድ ገባን።

ምክትል ኃላፊው ቁጥብ ሰው ነበሩ፤ ደብተሩን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ሰዓት ማለት የተሠራበት ሰዓት ነው» አሉ። «ግንብ ቆሞ ማየት ሥራ ከሆነ እኔም ስወጣ ስገባ ብዙ ሠርቻለሁ። ይሄን አጽድቄ ብልከውና ክልል ቢጠይቀኝ ምን ልበል? ያሠራት ሰው መጥቶ ያስረዳኝ።»

ጽጽቃ ሩቅ ነው። ልጅቷ ማክሰኞ ማለዳ ወደዚያ ለሚሄድ አይሱዙ ሹፌር መልእክት ነገረችው። እኔ በበኩሌ የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር፤ ሰው ግድግዳ ትቶ ለደብተር ይመጣል? ረቡዕ ከሰዓት ግን ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱምቢውን፣ የግድግዳ መቅናት የሚለካበትን ባለ ክር እርሳስ፣ በኪሱ የያዘ ሽማግሌ በግቢው በር ገባ። ልጅቷ ሮጣ ሄዳ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዛት።

«ምን አጥፍቼ ነው የተጠራሁ?» አለ መዝገብ ክፍል ገብቶ እየተቀመጠ።

«አላጠፉም አባቴ» አሉት ምክትል ኃላፊው። «ይሄ የበዓሉ ቀን ሥራ ነው ወይ የሚል ነገር ነው የገጠመን።»

«ጌታው፣ ድንጋይ መምታት ጉልበት ያለው ሁሉ ይችላል። የት እንደሚያስቀምጠው ካላወቀ የሚሆነው ክምር ነው። በሥራ ቀን ከመዶሻው ጋር ስትታገል እንዴት አድርጌ ላሳያት? በዓል መጣልኝ፣ አሳየኋት።» ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ በትኩረት አየው። «ሌሎቹ ልጆችስ ኅዳር ሚካኤል ዕለት ሠርተዋል?»

ወጣቱ ሰንጠረዡን ገለጠ። «ሠርተዋል ይላል።»

«ጽጽቃ የነበሩትም?»

«እነሱም። ስምንት ስምንት ሰዓት።»

«ይሁን እንግዲህ» አለ ሽማግሌው። «እኔ ግን ቅዳሴ ላይ አጠገቤ ቆመው አይቻቸዋለሁ።»

እነዚያን ደብተሮች ያነበብኩት እኔ ነበርኩና ፊቴ ጋለ። ዕለቱ ሰው ሥራ የማይሠራበት በዓል መሆኑን ሳነብም አውቀው ነበር፤ ቁጥሩ ስለተሞላ ግን አልቆምኩም። ሰንጠረዡ ጥፋተኛ አድርጎ የያዘው ያልዋሸችውን ብቻ ነው። ምክትል ኃላፊው ይህን እንዳሰቡት ከፊታቸው አየሁ፤ «እሱን ለብቻው እናየዋለን» አሉ፣ ቀስ ብለው። ያዩት እንደሆነ ግን እኔ አላውቅም።

ሽማግሌው ተነሣ። መደርደሪያዎቹ ለኮምፒውተሩ ቦታ ለመልቀቅ ከተነሡ ወዲህ ባዶ የሆነው ግድግዳ አጠገብ ሄዶ ቆመ። «ልጄ፣ ነይ። ይሄን ግድግዳ ለጌታው ንገሪያቸው።»

ልጅቷ እጇን ኖራው ላይ አድርጋ ከላይ ወደ ታች ወረደች። በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኳች፤ እዚህ ድፍን፣ እዚያ ባዶ ድምፅ ሰማን። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ በየቀኑ የጠረግሁት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ሆዱ መነፋቱን አይቼ አላውቅም ነበር። ቱምቢውን ተቀብላ ከላይ ስታወርደው ክሩ መሐል ላይ ግድግዳውን ነካ።

«ይሄ ግድግዳ ሁለት ነው» አለች። «ፊቱና ጀርባው አልተያያዘም።»

«ስንት ማሰሪያ ድንጋይ አለው?» አላት ሽማግሌው።

«ከመስኮቱ እስከ ማዕዘኑ አንድም።»

«አንድ አለ፣ እዚያ።»

«እሱ አጭር ነው፤ ጀርባውን አይደርስበትም።»

ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሮ፣ «ትክክል ነች፤ አይደርስም። ትስት እንደሆነ ብዬ ነው» አለ።

«ይወድቃል?» አሉ ምክትል ኃላፊው።

«ዘንድሮ አይወድቅም» አለች ልጅቷ።

«ዘንድሮ?» አሉና ከግድግዳው አንድ እርምጃ ራቁ። ወጣቱ ኮምፒውተሩን እያየ ወንበሩን ሳብ አደረገ።

ዘጠኙ ግማሽ ቀን ጸደቀ። አነበብኩ፤ አሁን ግን መሥመሩን ሁሉ ከነደቃቁ ነው ያነበብኩት። ወጣቱም ከሰዓቱ አጠገብ ባለው ጠባብ ሳጥን ውስጥ የቻለውን ያህል ጻፈ። ቁጥሩ አደገና ሦስት መቶ ስምንት ላይ ቆመ። ቀይ ነው።

«ምን ያህል ቀረ?» አለች ልጅቷ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት» አልኩ። ከእኔ አፍ መውጣቱ አሳዘነኝ።

ሽማግሌው ግድግዳውን አየ፣ ምክትል ኃላፊውን አየ። «አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ቀን ተኩል ነው። ይሄም ግድግዳ መጥፎው ቦታ ቢታሰር አንድ ቀን ተኩል ይበላል። ነገ በዓል አይደለም። ዓርብም አይደለም።»

ምክትል ኃላፊው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «ድንጋይ ከግቢው ጀርባ አለ» አሉ።

ሐሙስ ኮምፒውተሩን በላስቲክ ሸፍነን ከበሩ ወዲያ ወሰድነው። ልጅቷ ከግድግዳው ፊት ድንጋዮችን በጥንቃቄ እያወጣች ቁጥር በከሰል ትጽፍባቸዋለች። ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጦ አይነካም፤ «ያን ተይው፣ እሱ ተሸካሚ ነው» ከማለት በቀር። ረጃጅሞቹን ድንጋዮች ጠርባ ስታስገባ እኔ ውኃና ጭቃ አቀብላት ነበር። ውኃው በየት እንደገባ ጠየቅኋት፤ መስኮቱ ሥር ያለውን ቀጭን መንገድ በጣቷ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ የማላውቀው ግድግዳ ባየሁ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ ዓይኔ ይሄዳል።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጨረሰች። ሽማግሌው በደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ፈረመ። አነበብኩለት፤ ወጣቱ መታ። ሦስት መቶ ሃያ። ጠቆረ። ፍላሿን አንገቴ ላይ አድርጌ በጭቃ ልብሴ ወደ ዞን ሮጥኩ። ኢንተርኔቱ እስኪገናኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ፤ የመስኮቱ ብርሃን በወለሉ ላይ ሲሄድ እያየሁ ሥራ መውጫ እንዳይደርስ ተጨነቅሁ። ሠራተኛው «ሄደ» ሲለኝ በዚህ ጊዜ አልወጣሁም።

«መድረሱ በምን ይታወቃል?» አልኩት።

ገረመው፤ ድምፄን ሰምቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ወንበር ሳበልኝና አብረን ጠበቅን። ከክልል አንድ መሥመር መጣ፤ የኋለኛው ደርሶናል፣ የፊተኛውን ሰርዘነዋል ይላል። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ አነበብኩት።

ልጅቷ ተከትላኝ መጥታ የዞኑ በር ላይ ቆማ ነበር። «ደረሰ» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ትንፋሽዋን ለቀቀች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ።

«ለአባቴ ምን ላሳየው? እጄ ላይ ምንም የለም።»

እውነቷን ነበር። መረጃዋ ሁላችንም ካልሄድንበት አገር ደርሷል፤ ሰሃላ ያለው አባቷ ግን የሚያየው ነገር የለም። የምስክር ወረቀቱ የሚመጣው ከምረቃው በኋላ ነው፤ ደላላው እስከዚያ ይነሣል። ወጣቱ ዘንድ ሄጄ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ገጿን እንዲያትምልኝ ጠየቅሁት። አተመው። ምክትል ኃላፊው ዘንድም ራሴ ገባሁ፤ ማኅተም አደረጉበት።

አይሱዙው መናኸሪያው ቆሞ ሰው ይጭን ነበር። ሽማግሌው ቀድሞ ከፊት ተቀምጧል፤ በጽጽቃ በኩል አድርጎ እስከ አባቷ ቤት አብሯት ሊሄድ ነው። ልጅቷ ወረቀቱን ገልጣ ጠባቦቹን ሳጥኖች አየች። «አባቴ ማንበብ አይችልም» አለች። «እኔ ሳነብለት ‹በኩራት ጨምረሽ ነው የምታነቢ› ይለኛል። አንቺ አንድ ጊዜ አንብቢልኝ፣ እንዴት እንደምለው ልስማው።»

መኪናው ላይ የተሳፈረው ሰው ሁሉ ያየናል። ጮክ ብዬ ከጥቅምት ሁለት ጀመርኩ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ፤ ሽማግሌው እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ «ቆይ፣ ገና ጥቅምት ላይ ነች» አለው።